መነጽሩና በረካው

የምኖረው አሜሪካ ነው። የጎረቤቴ ልጅ ኦቲዝም አለበት፤ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ሁኔታ ነው። እናቱ ስልኳን ወደ መታጠቢያው ስታዞር፣ በስክሪኑ ላይ ቧንቧው ላይ ሥዕል ይደረባል፤ መጀመሪያ ክፈት፣ ቀጥሎ ብሩሹን አንሳ፣ ከዚያ ተጉመጥመጥ። ኦግመንትድ ሪያሊቲ የሚሉት ይህንን ነው፤ በሚታየው ዓለም ላይ የኮምፒውተር ሥዕል መደረብ። የስታንፎርድ ተመራማሪዎችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ከ6 እስከ 12 ዓመት ባሉ 71 ልጆች ላይ የሞከሩትን አሳትመዋል። ልጁ የጎግል መነጽር ያደርጋል፤ መነጽሩ ከፊቱ ያለውን ሰው ፊት አይቶ ተደስቷል ወይም ተቆጥቷል ብሎ ይነግረዋል። ሙከራው በሳምንት አራት ቀን፣ በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ለስድስት ሳምንት ነበር። ከመደበኛው ሕክምና ጋር መነጽሩን የተጠቀሙት ልጆች ከሰው ጋር በመግባባት የተሻለ ለውጥ አሳዩ። ጎግል ግን መነጽሩን መሸጥ በ2023 አቆመ።

ደሴ፣ ከጦሳ ግርጌ፣ የአክስቴ የልጅ ልጅ አለ። ስልኩም መነጽሩም ይቅርና፣ ያለበትን ነገር በስሙ የጠራለት ሰው አልነበረም። የወሎ ቤት ነውና ጸበሉም ዱዓውም ተሞክሯል። ትምህርት ቤቱ «ያስቸግራል» ብሎ መልሶታል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ከከፈቱ ከ20 ዓመት በላይ ቢሆንም፣ ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሰላምታችንም ለዚህ ልጅ መከራ ነው። ወሎ በመሳም አይሰስትም፤ የገባ ሁሉ ጉንጩን ደጋግሞ ሲስመው ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። አሜሪካ የዚያ ጎረቤቴን ልጅ ሳያስፈቅድ የሚነካው የለም፤ ግን ቤቱን የሚያንኳኳም የለም። የትኛው እንደሚሻል ጠይቁኝና አልመልስም።

ቡና ሲፈላ ግን የደሴው ልጅ ሌላ ልጅ ይሆናል። ቄጠማው፣ ረከቦቱ፣ ቁላው፣ ሙቀጫው፣ ጭሱ፤ ቅደም ተከተሉ በየቀኑ አንድ ነው። ቀጥሎ የሚመጣውን ስለሚያውቅ ዕቃውን ቀድሞ ያቀብላል፤ ሲኒውን ራሱ ይደረድራል። ያቺ አሜሪካዊት እናት በስልክ የምትደርበውን ሥዕል አክስቴ ሳታውቀው በረከቦት ዘርግታለታለች። ይህ መምህር ይተካል አልልም፤ ልጁ እስካሁን ፊደል አልቆጠረም።

ልጠይቃቸው ደሴ ሄጄ በመጨረሻው ቀን፣ ኮምቦልቻ የምሄድበት መኪና ስለደረሰብኝ ቶና ጠጥቼ ተነሣሁ። መነካት የማይወደው ልጅ መጥቶ እጅጌዬን ያዘ። አክስቴ ሳቀች፤ «ተቀመጥ እንግዲህ የኔ ልጅ፣ በረካ ሳይጠጣ ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም።»

መኪናው አመለጠኝ።