ሻንሲ ወይስ ሞተር? በሁለት ሃርድቶፕ የተነሳ ክርክር

ነገሩ የተነሳው ድሬዳዋ ውስጥ በሁለት አሮጌ ላንድክሩዘሮች ነው። ሁለቱም ሃርድቶፕ፣ ሁለቱም 75 ሞዴል፣ ሁለቱም ባለ ስድስት ሲሊንደሩን ዋን ኤችዜድ የናፍታ ሞተር የያዙ። ሳቢያን ሰፈር የቆመው ቀለሙ ያብረቀርቃል፤ ሞተሩም ቁልፍ ሲነካው ይነሳል። ለገሃሬ ያለውን ፀሐይ አንጥቶታል፤ ጠዋት ጠዋት ያጨሳል፣ ዳገት ላይም ይሞቃል ይባላል። ገዢው ወጣት ነጋዴ ነው፤ ከድሬ ወደ ሺኒሌና ኤረር ዕቃ ሊያመላልስበት ያስባል፤ የትኛውን ይግዛ ብሎ አንድ ሾፌርና አንድ መካኒክ አማከረ። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ አሮጌ ሁሉ ተወዷልና፣ ተሳስቶ መግዛት ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ሾፌሩ ቶሎ ፈረደ። «የሚሄደውን ግዛ። ሞተሩ ጤነኛ ከሆነ ሌላው ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ይበየዳል።»

መካኒኩ ሳቀ። «ሊብሬው መኪናውን የሚያውቀው በሻንሲው፣ ማለትም ሁሉን በተሸከመው የብረት አጽም ቁጥር ነው። ሞተር ቢሞት አውርደህ ሌላ ትጭናለህ፣ ቁጥሩን ታስመዘግባለህ፣ አለቀ። ሻንሲ ሲሞት ምን ታደርጋለህ?»

«አቦ አታጋንን! የሳቢያኑን ሻንሲ መቼ አየኸውና ነው?»

ለካ ሰውየው ከሥሩ ገብቶ አይቶታል። ከኋላው አክሰል በላይ፣ ባሌስትራው ከተንጠለጠለበት አካባቢ፣ ሻንሲው ገና ባልደረቀ ጥቁር ቀለም ተለቅልቋል። በትንሽ መዶሻ ሲያንኳኳው ፊት ለፊት ያለው ብረት ጥርት ብሎ ይጮሃል፤ ኋላ ላይ ግን ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። «ሻንሲው ሣጥን ነው፤ ጭቃና ጨው ውስጡ ገብቶ ይቀመጣል። ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚበላው። ጅቡቲ ባሕር ዳር የዋለ ወይም አፍዴራ ጨው የጫነ መኪና ላዩ ንጹሕ ሆኖ ውስጡ ያለቀ ሊሆን ይችላል።»

ሾፌሩ አልተበገረም። እዚህ አገር ብየዳ ያልነካው ሃርድቶፕ ከየት ይመጣል? ይሄ እውነት ነው፤ መካኒኩም አልካደም። ልዩነቱ አበያየዱ ላይ ነው አለ። ሻንሲውን ከላይ ወደታች ቀጥ ብሎ የሚቆርጥ የብየዳ መስመር ካየህ ሽሽ፤ ጭነት ሲመታው ብረቱ ልክ ከመስመሩ ጠርዝ ይሰነጠቃል። ደህና ባለሙያ የሚለጥፈውን ላሜራ ጫፍና ጫፉን ሰያፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፣ ብየዳውንም በሻንሲው ርዝመት ይሄድበታል። የሳቢያኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ያውም በሁለቱም ጎን ትይዩ።

ገዢው ይሄን ሲሰማ ወደ ለገሃሬው ማዘንበል ጀመረ። ሾፌሩ ግን ያኔ ነው እውነተኛ መከራከሪያውን ያመጣው። «ሞተር ማውረድ በአፍ ቀላል ነው። ፒስቶን፣ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት)፣ ብሮንዚና፣ ሙሉ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ሬቲፊካ (በማሽን መላግ)፣ ኖዝል፣ ፖምፓ ማስተካከያ። ‹ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛ ክዳን) ብቻ ነው› ተብሎ የተጀመረ ሥራ በቴስታታ ብቻ ሲያልቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሲከፈት ሌላው ይከተላል። ግማሹ መለዋወጫ ደግሞ ኮፒ ነው።»

በዚህ ላይ ሁለቱ የተጋጩት ስለ ሞተሩ ሁኔታ ነው እንጂ ስለ አመረማመሩ ብዙም አይለያዩም። ሞተሩን በርዶ ሳለ ሂድበት፤ ስትደርስ እጅህን ኮፈኑ ላይ አድርግ፣ ሞቆ ከጠበቀህ አስነስተውት ነበር ማለት ነው። ሲነሳ የሚወጣው ነጭ ጭስ ቶሎ ከጠፋ ካንዴሊታ (ሲነሳ ሞተሩን የሚያሞቀው) ወይም ኖዝል ነው፤ ካልጠፋና የሚጣፍጥ ሽታ ካለው ኩላንት ያለው የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ ነው። ሰማያዊ ዘይት ነው። ጥቁር ደግሞ ናፍታ በዝቷል ወይም አየር አንሷል፤ ሐረር ላይ ከድሬ ይልቅ ትንሽ ቢጠቁር አይግረምህ፣ አየሩ ቀጭን ነው። ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፤ ጥቂት ትንፋሽ ያለ ነው፣ ክዳኑን የሚያዘልል ከሆነ ግን ፋሻው አልቋል። የራዲያተሩን ክዳን በብርዱ ከፍተህ አስነሳ፤ አረፋው ሳያቋርጥ ከመጣ ግፊት ከሲሊንደር ወደ ውሃው እየገባ ነው፤ ወይ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይ ቴስታታው ተሰንጥቋል።

«ይሄ ሁሉ ግምት ነው» አለ መካኒኩ። «ካንዴሊታዎቹን ፈትተህ የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የታመቀ አየር ግፊት) ለካ።  ፋብሪካው ካስቀመጠው ዝቅተኛ ልክ ካልደረሰ ሞተሩ ይወርዳል። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ በካሬ ሳንቲሜትር ከ5 ኪሎ መብለጥ የለበትም። ሁለት ጎረቤታሞች ብቻ ወርደው ሌሎቹ ደህና ከሆኑ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው በመሃላቸው ያለውን ጓርኒሲዮን ነው።»

ከዚያ ገዢው ሳያስበው እሳት ላይ ናፍታ ጨመረ፦ የለገሃሬው ባለቤት መኪናው እንዳይሞቅ ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎታል።

«ጥሩ አድርጓል» አለ ሾፌሩ። «ድሬ ላይ ቴርሞስታት ምን ይሠራል? እንኳን መኪና ሰውም ይፈላል።»

መካኒኩ ድምፁን ከፍ ያደረገው እዚህ ላይ ነው። የዚህ ሞተር ቴርሞስታት ሁለት ሥራ አለው። ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን በር ይከፍታል፤ በዚያው ቅጽበት ከታች ባለው ሳህኑ ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። አውጥተህ ከጣልከው አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ከሚፈላው ውሃ ከፊሉ ራዲያተር ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። ሜዳ ላይ አይታወቅም። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስተህ ጭነት ይዘህ ወደ ደንገጎ ዳገት ስትወጣ ግን ይታወቃል።

«ታዲያ ከማውጣቱ በፊትስ ለምን ሞቀ?»

«የድሬን የቧንቧ ውሃ ሲሞላበት ኖሮ ነዋ! ጀበናህን አላየህም? ኖራው ራዲያተሩ ውስጥም ይጋገራል።»

ጎን ለጎን ማራገቢያውም ተነሳ። የዚህ መኪና ማራገቢያ መሃሉ ላይ ሲሊኮን ዘይት የያዘ ክላች አለው፤ ዘይቱ ሲያልቅ ማራገቢያው መዞሩን አይተውም፣ ኃይሉን ግን ያጣል። በደንብ ሞቆ የጠፋ ሞተር ላይ በእጅ ሲያዞሩት መክበድ አለበት፤ ከተለቀቀ በኋላ በራሱ የሚሽከረከር ከሆነ ሞቷል። ሾፌሩ ይሄኛውን ተቀበለ። ስለ ቴርሞስታቱ ግን እስከ መጨረሻው አልተቀበለም፤ ደንገጎን ያለ ቴርሞስታት የሚወጣ መኪና አውቃለሁ ብሎ ቀረ። ሊወጣ ይችላል፤ ራዲያተሩ አዲስ ከሆነ ብዙ ጥፋት ይሸፍናል።

የፊት እግሩን በተመለከተ ተስማሙ፣ ለዚያ ቀን ብርቅ ነበር። ከጎማው ጀርባ ያለውን ክብ ብረት እዩ፤ ስስ ግሪስ ቢቀባው ደህና ነው፣ ቀጭን ዘይት ከተንጠባጠበ የውስጡ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃ ጎማ) አልፎ የዲፈረንሻል ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል። ጎማውን በክሪክ አንስተህ ከላይና ከታች ይዘህ ነቅንቅ፤ ከተነቃነቀ ሰው ፍሬን ይርገጥልህ። ሲረገጥ ንቅናቄው ከጠፋ የጎማው ኩሽኔታ ነው፣ ካልጠፋ መሪው የሚዞርበት የላይና የታች ኩሽኔታ ነው። ያ ሁለተኛው ነው መኪናው በፍጥነት ሲሄድ መሪውን የሚያንቀጠቅጠው። አንድ ጊዜ ከተፈታ ሁሉም አብሮ ይቀየራል፦ በእያንዳንዱ ወገን ሁለት የመሪ፣ ሁለት የጎማ ኩሽኔታ፣ ፓራኦሊዮዎቹና አዲስ ግሪስ።

ፎር ዊሉን አስፋልት ላይ አትሞክረው፤ የፊትና የኋላ ጎማ ኩርባ ላይ እኩል ስለማይዞሩ ማርሹ ይታነቃል። የደቻቱ ወንዝ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ውረድ፣ የፊት ሃቦቹን (የጎማ መሃል መቆለፊያዎቹን) ቆልፍ፣ መሪውን ሙሉ አጥፈህ ቀስ ብለህ ዙር። ቀጭ ቀጭ ካለ የፊት አክሰሉ መገጣጠሚያ አልቋል። ዝቅተኛውን ማርሽ አስገብተህ ቁልቁለት ላይ እግርህን ከነዳጁ አንሳ፤ ማርሹ ራሱ ከወጣ ካምቢዮው (የማርሽ ሣጥኑ) ይፈታል። የካምቢዮውንና የፎር ዊል ማርሹን ዘይት ለየብቻ ለካ፦ አንዱ ጎድሎ ሌላው ከተረፈ በመሃል ያለው ፓራኦሊዮ አልፏል፤ ምንም ጠብታ መሬት ላይ ሳታይ ካምቢዮው ይቃጠላል።

ደላላው እስከዚህ ዝም ብሎ ሰምቶ «ቆጣሪው እኮ ትንሽ ነው የሄደው» አለ። ማንም መልስ አልሰጠውም።

ፍርዴን ልስጥ። በሻንሲው ነገር መካኒኩ ትክክል ነው፤ የሳቢያኑ በሁለት ጎን ቀጥ ብሎ የተበየደ ከሆነ ሞተሩ ቢዘፍንም ጭነት የሚጭን ሰው አይገዛውም። በገንዘቡ ነገር ግን ትክክለኛው ሾፌሩ ነው። የለገሃሬውን ዋጋ ሲደራደር «ጓርኒሲዮን ብቻ ነው» የሚለውን ወሬ ትቶ የሙሉ ሞተር እድሳት ወጪ ይቀንስ፤ ሻጩ በዚያ ካልወረደ መኪናው ርካሽ አይደለም። ቴስታታው ከወረደ ሬቲፊካ ቤት በግፊት ይፈተሽ፣ ጠፍጣፋነቱ ይለካ። ጓርኒሲዮኑ በውፍረት ይለያያል፤ ፒስቶኑ ከብሎኩ ምን ያህል እንደሚወጣ ሳይለካ የተገኘውን መግጠም ሥራውን መድገም ነው። ካምሻፍቱን የሚያዞረው ቺንጋ ከነመወጠሪያው ይቀየር፤ በየ100,000 ኪሎሜትሩ የሚበራው የቺንጋ መብራት ቺንጋው ሳይነካ ሊጠፋ ስለሚችል መብራቱን ማመን አይቻልም፣ ከተበጠሰ ደግሞ ፒስቶንና ቫልቭ ይጋጫሉ። የታጠበ ራዲያተር፣ ቴርሞስታቱ በቦታው፣ የተጣራ ውሃ ከኩላንት ጋር። ቀለም ይቆየው።

ከሁሉ በፊት ግን ወረቀቱ። የሻንሲ ቁጥሩ ከፊት በቀኝ በኩል፣ በጎማው አካባቢ ብረቱ ላይ ተመትቷል፤ በጨርቅ ጠርጎ ከሊብሬው ጋር ያስተያየው፣ ዙሪያው የተፋቀ ከሆነ ይተወው። በረድኤት ድርጅት ስም ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም። ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለው ላሜራ በቀኝ በኩል የተደፈነ ቀዳዳ ካለው ደግሞ ከቀኝ መሪ የተገለበጠ ሊሆን ይችላልና ከየት እንደገባ ይጠይቅ። ይሄ ሁሉ ንጹሕ ከሆነ ኮምፕሬሽን መለኪያ ይዞ ለገሃሬ ይሂድ፤ ባለቤቱ ካንዴሊታ አይፈታም ካለ ሌላ መኪና ይፈልግ።