«አይ፣ ማንጂማ የምታምረው በልጅነቷ ነበር!» ለምትሉ

ትናንት ማታ ከሥራ ገብቼ፣ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ ጋደም ብዬ ስልኬን ስከፍት የሕንዷ ተዋናይት የማንጂማ ሞሃን ፎቶ መጣልኝ። ፈገግ ብላለች። በቃ ሌላ ምንም የለውም። ደስ ብሎኝ ኮሜንቶቹን ማንበብ ጀመርኩ። ምነው በቀረብኝ! አንዱ ስለ ጉንጯ፣ አንዱ ስለ ክንዷ፣ አንዷ ደግሞ የልጅነት ፎቶዋን ጎን ለጎን ለጥፋ ይቺ ያቺው ናት ወይ ትላለች። አዎ ያቺው ናት! ማን ልትሆን ኖሯል? ያኔ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ሠላሳውን አልፋለች።

እኔ ሻርጃ ነው የምኖረው፤ የሥራ ባልደረቦቼ አብዛኞቹ ከደቡብ ሕንድ፣ ማላያላም ከሚነገርባት ከኬረላ የመጡ ናቸው። የማላያላም ፊልም ያስለመዱኝ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ከሥር የሚጻፈውን እንግሊዝኛ እየተከተልኩ ነበር፣ አሁን አሁን ግን ግማሹን በጆሮዬ እይዘዋለሁ። ስለዚህ እነዚህን ተዋናዮች እንደ ሩቅ ሰው አላያቸውም። ሲነኩ ይሰማኛል።

ማንጂማን ለማታውቁ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቷ ቪፒን ሞሃን በማላያላም ሲኒማ የታወቀ የካሜራ ባለሙያ ነው። እሷ በ1993 ተወልዳ በ1990ዎቹ መጨረሻ ፊልም መሥራት ጀመረች፤ ገና ፊደል ሳትለይ ማለት ይቻላል። በ2000 ከታየችባቸው ፊልሞች አንዱ «ማዱራኖምባራካቱ» ነው፤ በሱ የኬረላ መንግሥትን የምርጥ ሕፃን ተዋናይ ሽልማት ወሰደች። በቴሌቪዥንም የልጆች ፕሮግራም ታቀርብ ነበር። ከዚያ ተወችው። ቼናይ ሄዳ ኮሌጅ ገባች፣ በሒሳብ ዲግሪዋን ያዘች። ይሄን ነገር ብዙ ሰው አያነሳውም፣ እኔን ግን ሁሌ ይገርመኛል። ሰው በልጅነቱ ሀገር ካወቀው በኋላ ዞር ብሎ ክፍል ውስጥ እንደማንኛውም ተማሪ ሒሳብ ሲሠራ መገኘት ቀላል ነው እንዴ?

በ2015 ደግሞ ተመለሰች። ከተዋናዩ ኒቪን ፖሊ ጋር፣ አሁን መሪ ተዋናይት ሆና። በማግስቱ ዓመት ዳይሬክተሩ ጋውታም ሜኖን አንዱን ታሪክ በታሚልም በቴሉጉም ሲሠራው ሁለቱንም የተጫወተችው እሷ ናት። ወንዱ ተዋናይ በየቋንቋው ተቀያይሯል፤ በታሚሉ ሲላምባራሳን፣ በቴሉጉው ናጋ ቻይታኒያ። እሷ ግን አልተቀየረችም። አስቡት፤ ያንኑ ትዕይንት፣ ያንኑ ለቅሶ፣ አንዴ በዚህ ቋንቋ አንዴ በዚያ ቋንቋ፣ ፊቷ ላለው ሰው ሁሉ እንደ አዲስ መስጠት። ደግሞ አንዱም አፍ የፈታችበት ቋንቋ አይደለም! ስለ ሥራዋ አውሩ እንጂ! በሱ ተከራከሩ! ጥሩ ሠርታለች አልሠራችም በሉ፣ ትወናዋ አልጣመኝም በሉ፣ ይሄ ሙያዋ ስለሆነ ያስኬዳል። የሚወራው ግን ስለ ኪሎዋ ነው።

በ2022 ተዋናዩን ጋውታም ካርቲክን አገባች። በሠርጓ ቀን ሳይቀር ስለ ውፍረቷ እንደተወራ ራሷ ናት ለጋዜጠኞች የተናገረችው። በሠርጓ ቀን! ሰው ሠርግ ሄዶ፣ ወይ ከቤቱ ሆኖ ፎቶውን አይቶ፣ እንኳን ደስ አለሽ ማለት አቅቶት ሙሽራዋን ይመዝናል። በሰውነቷ ምንም ቅር እንደማይላት፣ ሥራዋ ከጠየቃት ልትቀንስ እንደምትችል ተናግራለች። ለምንድነው ግን አንዲት ሴት ይህን ለመላው ሕዝብ ማስረዳት ያለባት? እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው።

እኔም አውቀዋለሁ እኮ። ባለፈው ዓመት ለእረፍት አዲስ አበባ ስገባ፣ ሻንጣዬ ገና ደጅ ላይ እያለ አክስቴ አገላብጣ ሳመችኝና «ውይ! ምነው እንዲህ ተነፋሽ? ዓረብ አገር ተስማማሽ ማለት ነው» አለችኝ። አራት ዓመት ነው ያልተያየነው። አክስቴ ትወደኛለች፣ አልጠራጠርም። ግን ያንን ቃል ይዤው ነው የከረምኩት፤ እንጀራ በቆረስኩ ቁጥር ትዝ ይለኝ ነበር። ሻርጃ ተመልሼ ለኬረላዋ ጓደኛዬ ስነግራት «ኦ፣ ታዲቻሎ!» አለችኝ። በነሱ ቋንቋ «ወፈርሽ እኮ» ማለት ነው። እሷም አገሯ በገባች ቁጥር በር ላይ የሚቀበላት ይሄ ቃል ነው። ተቃቅፈን ዝም አልን።

እንግዲህ እኔን የምታውቀኝ አክስቴና ሰፈሬ ናቸው። ማንጂማን በልጅነቷ ያወቃት ግን ስንት ሚሊዮን ሰው ነው? ያ ሁሉ ሰው እንደ አክስቴ «እኔ ነኝ ያሳደግኩሽ» የሚል ስሜት አለው። በትንሽ ስክሪን ሳሎኑ ገብታለች፣ ስለዚህ የኔ ናት ይላል። ስታድግ የሆነ ነገር የሰረቀችው ይመስለዋል።

ከሷ በፊት ደግሞ ሌላዋ ሕፃን ተዋናይት ሻሊኒ ነበረች። በ1983 በዳይሬክተሩ በፋዚል ፊልም ብቅ ስትል የኬረላ ሰው አበደ። የፀጉሯ አቆራረጥ ፋሽን ሆኖ ስንት ሕፃን እንደሷ ተቆርጧል። ስሟ ራሱ «ቤቢ ሻሊኒ» ነበር፤ እዚያ ሕፃናት ተዋናዮችን እንደዚያ ነው የሚጠሯቸው። በ1997 ያው ፋዚል ከተዋናዩ ኩንቻኮ ቦባን ጋር መሪ ተዋናይት አድርጎ መለሳት፣ ፊልሙም በጣም ተወደደ። በ2000 ተዋናዩን አጂትን አግብታ ሲኒማውን ተወችው። ይኸው ከ20 ዓመት በላይ ሆነ፤ ዛሬም ግን ፎቶዋ በወጣ ቁጥር «ቤቢ» የሚላት አይጠፋም። የልጆች እናት ናት እኮ!

የባሰው ደግሞ የተዋናይቷ የአናስዋራ ራጃን ነው። የኬረላዋ የካኑር ልጅ ናት፣ በ2017 በፊልም የተዋናይቷ የማንጁ ዋሪየር ልጅ ሆና በመጫወት ነው የጀመረችው። በ2020፣ 18 ዓመት እንደሞላት፣ ቁምጣ ለብሳ ፎቶ ለጠፈች። ቁምጣ ነው ያልኳችሁ! የስድብ መዓት ወረደባት። ልጅ ሆና ስላዩአት አለባበሷን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ደግነቱ ያኔ ሪማ ካሊንጋልና ሌሎች ተዋናዮች ዝም አላሉም፤ እግራቸው የሚታይበትን ፎቶ እየለጠፉ ሴቶች እግር እንዳላቸው ለማያውቅ አሳወቁ። ያንን ሰሞን መቼም አልረሳውም፤ እኔም ለጥፌ ነበር። አናስዋራም አልተሰበረችም። በ2023 «ኔሩ» የተባለው ፊልም ላይ ዓይነ ስውሯን ልጅ ስትጫወት ያየ ሰው ስለ ቁምጣዋ ለማውራት አፍ የሚኖረው አይመስለኝም።

ሕንድ ውስጥ ለሕፃናት ተዋናዮች ሕግ አለ። በ2017 የወጣው ደንብ ሕፃኑ በቀን ከ5 ሰዓት በላይ አይሥራ፣ ያለ እረፍት ከ3 ሰዓት አይለፍ፣ ከገቢው ቢያንስ 20 በመቶው በስሙ ባንክ ይቀመጥለት ይላል። ጥሩ ነው። ሻሊኒም ማንጂማም በልጅነታቸው ይሄ ደንብ አልነበረላቸውም። ግን ልጅቷ አድጋ ከቤቷ ሆና ፎቶ ስትለጥፍ የሚዘንብባትን ነገር የትኛው ደንብ ይከለክልላታል? እሱን ማቆም ያለበት ጣቱ ስልኩ ላይ ያለው ሰው ነው። ጽፎ ከመላኩ በፊት።

ያ የጎን ለጎን ፎቶ ዛሬ ጠዋትም እዚያው አለ። ሥራ ከመግባቴ በፊት አይቼዋለሁ። ሰው እየተቀባበለው ነው። የለጠፍሽው እህቴ፣ ይሄን ካነበብሽ እባክሽ አጥፊው።