«ምንም አልሆነችም» ለምትሉኝ ሁሉ

ይህን የምጽፈው የአዮዲን ሽታ ከጣቶቼ ሳይለቅ ነው። ዶሮዬን የጎረቤቴ ውሻ ከነከሳት ዛሬ 26ኛ ቀኗ ሲሆን፣ በእነዚህ ቀናት ውስጥ «ምንም አልሆነችም እኮ» ያለኝን ሰው ብዛት መቁጠር ከተውኩ ሰንብቻለሁ።

የመጀመሪያው ተናጋሪ የውሻው ባለቤት ናቸው። ውሻቸው በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቶ ዶሮዋን ከጀርባዋ ነክሶ ሲያራግፋት ጩኸቴን ሰምተው እየሮጡ መጡና በአንገት ማሰሪያው ጎትተው አስለቀቁልኝ፤ ለዚህስ ምስጋናዬ አይጓደልባቸውም። ከዚያ ግን ጎንበስ ብለው አይተዋት፣ «አይዞህ ልጄ፣ ሊጫወት ፈልጎ ነው። ይኸው ቆማለች፣ ደምም አይታይባት፤ ምንም አልሆነችም» ብለው ውሻቸውን እየደባበሱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

እርግጥ ነው፣ ቆማለች። ነገር ግን ዶሮ ዘመኗን ሁሉ ስትታደን የኖረች ፍጥረት ናትና ሕመሟን መደበቅ ተፈጥሮዋ ነው፤ ድካሟን የገለጠች ዕለት ቀድማ የምትበላው እሷ መሆኗን ደሟ ያውቀዋል። የእኔዋም የቆመችው ደኅና ስለሆነች ሳይሆን በድንጋጤ ደንዝዛ ነበር። ዓይኖቿ በግማሽ ተከድነው፣ ክንፎቿ ወደ መሬት ወርደው፣ ምንቃሯን ከፍታ ታለከልክ ነበር።

የውሻ ንክሻ ደግሞ አታላይ ነው። ጥርሱ የበሳው ቀዳዳ ከስንዴ ቅንጣት ላይበልጥ ይችላል፤ ከሥሩ ያለው ሥጋ ግን በመንጋጋው ተጨፍልቋል፣ ሲያራግፋትም ቆዳዋ ከሥጋዋ ተላቋል፣ ይህን ሁሉ ጉድ ደግሞ ላባዋ ሸፍኖ ይይዘዋል። በባትሪ ብርሃን ላባዋን እየገለጥኩ ስፈልግ፣ በጀርባዋ ሁለት፣ በግራ ክንፏ ሥር አንድ ቀዳዳ፣ ከጅራቷ ከፍ ብሎ ደግሞ አውራ ጣቴን የሚያህል የተተረተረ ቆዳ አገኘሁ። ከክንፏ ሥር ያለውን ቁስል ዙሪያውን ስዳስሰው ቆዳዋ እንደ ደረቅ ቅጠል ተንኮሻኮሸብኝ። አየር ነበር። ዶሮ ከሳንባዋ ሌላ በሰውነቷ ውስጥ የተዘረጉ የአየር ከረጢቶች ስላሏት፣ ከእነዚያ አንዱ ሲቀደድ አየሩ እየሾለከ ከቆዳዋ ሥር ይጠራቀማል። «ምንም አልሆነችም» የተባለችው ይህቺ ናት።

ቀጥሎ የመጡት አዛኞቹ ናቸው፤ እነሱስ ከውሻው አይሻሉም ልል ምንም አልቀረኝ። አንዷ ዘመዴ ልታጽናናት ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘቻት፤ ዶሮ ግን እንደ እኛ ከሳንባ ሥር ያለው የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ድያፍራም፣ ስለሌላት ደረቷ ካልተንቀሳቀሰ መተንፈስ አትችልም፣ አጥብቆ ማቀፍ ማለት በፍቅር ማፈን ነው። ሌላው ምንቃሯን ከፍቶ ውኃ ሊያንቆረቁርባት ሲል እጁን ያዝኩት፤ የመተንፈሻ ቱቦዋ አፍ ከምላሷ ሥር ተከፍቶ ስለሚገኝ የተንቆረቆረ ውኃ በቀላሉ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ሦስተኛው በመዳፉ ዳስሷት «ትኩሳት ይዟታል» ሲል በየነ። የጤነኛ ዶሮ ሙቀት ራሱ 41 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ በሰው መዳፍ ሁሌም እንደተኮሰች ናት። በዚያች ሌሊት የሚያስፈልጋት ጨለም ያለ፣ ሞቅ ያለና ጸጥ ያለ ቦታ ብቻ ነበር፤ ካርቶን ውስጥ ፎጣ አንጥፌ፣ ውኃውን አጠገቧ አኑሬ፣ ጠያቂውን ሁሉ አስወጥቼ በሩን ዘጋሁት።

ሐኪም ዘንድ አልወሰድካትም ወይ የሚለኝ አይጠፋም። ወስጄ ነበር። በመጀመሪያው ክሊኒክ የተቀመጠችው ልጅ ካርቶኑን አየት አድርጋ፣ የሚያክሙት ውሻና ድመት ብቻ እንደሆነ በትሕትና ነገረችኝ። እንግዲህ ነካሹ ጥርሱ ቢታመም የሚስተናገድበት በር ለተነካሿ ዝግ ነው ማለት ነው። በሌላ ቦታ ያገኘሁት ሐኪም ግን በውሻ አፍ ውስጥ ፓስቱሬላን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች እንደሚኖሩና ጥርሱ እነሱን ወደ ጥልቁ ስለሚወጋቸው ፀረ ባክቴሪያ ሊዘገይ እንደማይገባ አስረድቶ መድኃኒት አዘዘላት፤ ቀዳዳዎቹንም በክር ሳይሰፋቸው የተወው በውስጥ የቀረው ቆሻሻ መውጫ እንዳያጣ ብሎ ነው። የዚህን ሰው እጅ ይባርክልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ማንም የማያየው ሥራ ነው። በየጠዋቱና በየማታው 1 ሊትር ውኃ አፍልቼ አቀዘቅዛለሁ፣ 9 ግራም ጨው በሚዛን ለክቼ እጨምርበታለሁ፣ መርፌው በወለቀ ስሪንጅ ቁስሏን አጥባለሁ፣ አዮዲኑንም ውኃ የበዛበት ሻይ እስኪመስል አቅጥኜ እቀባለሁ። አመድ ነስንስበት ያላችሁኝ፣ በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በየቀኑ እጠበው ያላችሁኝ፣ አሳባችሁ ቀና መሆኑን አልጠራጠርም፤ ሆኖም አመዱ ቁስሉን ያቆሽሸዋል፣ ያ አረፋ የሚያስነሳ ፈሳሽ ደግሞ ተዋስያኑን ብቻ ሳይሆን አዲስ የሚያቆጠቁጠውንም ሥጋ ይጎዳል። በዚህ ላይ የዶሮ መግል እንደ ሰው መግል አይፈስም፤ እንደ አይብ ጠጥሮ ከቁስሉ ውስጥ ይቀመጣል። በሰባተኛው ቀን ያን ድፍን ነገር በለሰለሰ ፋሻ ጫፍ ቀስ እያልኩ ሳወጣ ላቤ በግንባሬ እየወረደ፣ እሷ ግን በፎጣ ተጠቅልላ አንገቷን ብቻ አስግጋ ዓይኖቿን ሳትነቅል ታየኝ ነበር።

ስለ ዝንቡስ ምን ልበል? እርጥብ ቁስል ያገኘች ዝንብ እንቁላሏን ስትጥል ትሉ በአንድ ቀን ውስጥ ሊፈለፈል ስለሚችል፣ የመስኮቱን መረብ በእጄ ጠግኜ ሳሎኔን የዶሮ ሕሙማን ክፍል አድርጌዋለሁ። በ12ኛው ቀን ቅርፊት የሌለው፣ በስስ ቆዳ ብቻ የተሸፈነ እንቁላል ፎጣው ላይ ጣለችልኝ፤ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ የምትጥለው እንቁላል አይበላምና እሱንም፣ ተከታዮቹንም ጣልኩ። ይህን ያየ አንድ ወዳጄ «ታዲያ ለምን ትደክማለህ?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ወደ ጓደኞቿ መመለሷ ነው። ዶሮዎች ማን ማንን እንደሚኮረኩም የጸና ሥርዓት አላቸው፤ ይህን እ.ኤ.አ. በ1921 በጥናት የገለጸው ኖርዌያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ ኤበ ነበር፣ በልጅነቱ ዶሮዎችን ሲመለከት ያደገ ሰው። ቀይ ነገር ካዩ ደግሞ መኮርኮም አይተዉም፤ ቁስሏ ሳይደርቅ ብመልሳት ኖሮ ውሻው የጀመረውን እኅቶቿ በጨረሱት ነበር። ስለዚህ አንድ ሳምንት በሽቦ መረብ ተለያይተው እንዲተያዩ አድርጌ፣ ትናንት ማታ ሁሉም ቆጥ ላይ ከሰፈሩ በኋላ በጨለማ አስገባኋት። ዛሬ ጠዋት ከሦስተኛዋ ቦታ ወርዳ በመጨረሻዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ይሁን፣ እየበላች ነው።

ጎረቤቴ ይህን ጊዜ ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ። ዶሮዋ ስትጭር አዩና ፊታቸው በራ። «አላልኩህም ልጄ? ምንም አልሆነችም!» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ቀዳዳውን መቼ እንድፈነው?» አልኳቸው፤ ስጠይቃቸው ይህ አራተኛዬ ነው።

«ነገ፣ ነገ» አሉ። ውሻቸው ከእግራቸው ሥር ተጋድሞ፣ ቀዳዳው ላይ ያስደገፍኩትን ድንጋይ በአፍንጫው እየገፋ ነበር።