ማስተካከያ፦ መረዳጃ ቡድን ለመግባት መጠጥ አስቀድሞ ማቆም ግዴታ አይደለም

ባለፈው ስለ አልኮል ሱስ መረዳጃ ቡድኖች ስጽፍ «ለመግባት ቢያንስ አንድ ወር ከመጠጥ መራቅ ያስፈልጋል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ። ከእነዚህ ቡድኖች አንዱ የሆነው የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ የራሱ መርሆዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጠጥ የማቆም ፍላጎት። የአባልነት ክፍያም የለም። ትናንት ማታ የጠጣ ሰው ዛሬ ሄዶ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ይችላል።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። «መጀመሪያ ላቁም» ብሎ ቤቱ የቀረ ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ እጨነቃለሁ። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው ብቻውን ድንገት ሲያቆም እጁ ሊንቀጠቀጥ፣ ብሶም ራሱን ስቶ ሊንፈራገጥ ይችላል። ስለዚህ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ያማክር። የቀድሞውን ጽሑፍ ያጋራችሁ ይህንንም አድርሱልኝ።