ለግቢያችን ኦዞን አምራች የቀረበ ምስጋና

ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ ላይ የቀሰቀሰኝ ዶሮም የቅዳሴ ደወልም አይደለም፤ የጎረቤቴ መኪና ነው። ጋሼ ሞተሩን አስነስተው ቁርሳቸውን ሊበሉ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ተመለሱ። መኪናው «እየሞቀ» ነው። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሞቀ። እንዲህ ያለ ጎረቤት እናንተም አላችሁ፤ ከሌላችሁ ጎረቤቱ እናንተው ናችሁ።

እስከ ዛሬ እኚህን ሰው ማማታችን ግፍ ነው። የዘመኑ ሞተር ግማሽ ደቂቃ ገደማ እንደሚበቃውና ቀስ ብሎ መንዳት ራሱ እንደሚያሞቀው ያጡታል ብላችሁ ነው? ለሕዝብ ሲሉ ነው እንጂ! እርሳቸው ኦዞን አምራች ናቸው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ አየር ላይ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በቅጡ ያልነደደው የቤንዚን ትነት ይታከልበታል። ፀሐይ ስትበረታ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱን ትሰነጥቅና አንድ የኦክስጅን አቶም ታፈናቅላለች፤ ተፈናቃዩም ጥንድ ሆነው በሰላም ከሚኖሩ ኦክስጅኖች ጋር ይዳበላል። ሦስት ሆኑ፣ ኦዞን ተባሉ። ማገዶው በነጻ ነው፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ለተሠራ ከተማ ፀሐይ አትሰስትም። የእንጦጦ ባሕር ዛፍ እንኳ ከቅጠሉ አይሶፕሪን የሚባል ጋዝ እያዋጣ ያግዛቸዋል። ጭሱን የሚያጣራው ካታሊስት ሥራ እንዳያስተጓጉል ደግሞ «ነዳጅ ይበላል» ብለው ካስፈቱት ቆይተዋል።

ለጋስነታቸው! ኦዞኑ እዚያው ጭስ ማውጫው ሥር አይከማችም፤ ትኩስ የወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ እንዲያውም በአካባቢው ያገኘውን ኦዞን ይበላዋል። የሚበዛው ከሰዓታት በኋላ፣ ከቀኑ 8 እና 9 ሰዓት ግድም፣ ነፋስ በወሰደው በማያውቁት ሰው ሰፈር ነው። ቀኝህ የምትሰጠውን ግራህ አትወቅ የሚለውን ቃል እንዲህ የፈጸመ ማን አለ?

አንድ ቀን ደፍሬ «ጋሼ፣ ሞተሩን ቢያጠፉት» አልኳቸው። «ኦዞን ተሸንቁሯል ሲባል አልሰማህም እንዴ? እኔ ብሠራላችሁ ምን ከፋህ?» አሉኝ። አፈርኩ። ሰውዬው ለካ ሰማይ እየጣፉ ነው! የቀረው ማጓጓዙ ብቻ ነው። ኦዞን ከመሬት ተነስቶ፣ ሰማይ ላይ ሆኖ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር ወደሚከልለን የኦዞን ሽፋን አይወጣም፤ በጥቂት ሰዓታት ወይም ቀናት ውስጥ እዚሁ ሰውና ቅጠል ላይ ያልቃል። ስለዚህ ዕድር እናቋቁም። እያንዳንዱ አባል በወር አንድ ጀሪካን ኦዞን ያዋጣል። ክዳን ያላጠበቀ ይቀጣል። ጀሪካኑ በአህያ እንጦጦ ይወጣል፤ እዚያ 3,200 ሜትር ያህል ደረስን ማለት ነው። ሽፋኑ በአብዛኛው ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነ የሚቀረው 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ግን ቀጥ ያለ ነው። ለአህዮቹ አበል ይታሰባል። ገንዘብ ያዡ «ባዶ ጀሪካን ነው የመጣው» ብሎ ይከራከራል፤ ሊቀመንበሩ «አሽትተው» ይሉታል፤ ያሸታል፤ ያስላል፤ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። መዋጮ ያልከፈለ ሲሞት ድንኳን አይተከልለትም፣ ቀዳዳውም በእርሱ ቤት ትይዩ ሳይደፈን ይቀራል።

ምድር ቤት ያለችው የሰባት ዓመት ልጅ አስም አለባት። የመኝታ ቤቷ መስኮት ከጭስ ማውጫው ሁለት እርምጃ ነው። እናቷ በየማለዳው የመስኮቱን ክፍተት በእርጥብ ጨርቅ ትወትፋለች። ጠዋት ጭሱ ያፍናታል፤ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ ከሌላ ሰፈር የመጣው ኦዞን የቆሰለውን የአየር ቧንቧዋን ይለበልበዋል። ቁርስ እየበሉ ልጅ ማፈን ነው ይህ! አንድ ቁልፍ ማዞር ምን ያህል ይከብዳል?

ይቅርታ፣ ምስጋና ላይ ነበርን።

በ1950ዎቹ የሎስ አንጀለስን ጭጋግ የመረመሩት ኬሚስት አሪ ሃገን ስሚት ኦዞን ጎማ እንደሚሰነጥቅ ያውቁ ስለነበር የተለጠጠ ጎማ አየሩ ላይ አውጥተው ስንጥቁን ይመለከቱ ነበር። ባለፈው ቅዳሜ የእኛው ጋሼም በርከክ ብለው የመኪናቸውን ጎማ በጣታቸው ሲዳስሱ አገኘኋቸው። «እየው፣ ዓመት ሳይሞላው ተሰነጣጠቀ! የዘመኑ ጎማ ዕድሜ የለውም» አሉኝ፤ በደንብ አልሰማኋቸውም፤ ሞተሩ ይሠራ ነበር።