ሰው አለው

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጃንጥላ ወንበር ከለከለኝ። ጥቁር፣ አንድ ሽቦው የተሰበረ፣ ውሃው ገና ያልተንጠፈጠፈ ጃንጥላ። የልጆች መጻሕፍት ደራስያንና ሠዓሊያን በክረምት የሚገናኙበት ጉባኤ ነበር። ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ ጠዋትም አልለቀቀም። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ባዶ ወንበር አየሁና ልቀመጥ ጎንበስ ስል፣ አጠገቡ ያለችው ወጣት እጇን ጃንጥላው ላይ ጣል አድርጋ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሰው አለው» አለችኝ።

«የት ነው ሰውየው?»

«መንገድ ላይ ነው፣ እየመጣ ነው።»

መንገድ ላይ ነኝ የሚል የአዲስ አበባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገና ካልሲውን እየፈለገ ነው። ቢሆንም አልተከራከርኩም። ቀጥሎ ያለውን ወንበር አየሁ፤ ነጠላ ተዘርግቶበታል። ከእሱ ቀጥሎ ቦርሳ። ከቦርሳው ቀጥሎ ግማሹ የተጠጣ ሃይላንድ። ጃንጥላስ እሺ፣ ንብረት ነው። ነጠላም የክብር ልብስ ነው። ግማሽ ሃይላንድ ውሃ ግን በየትኛው ሥልጣኑ ነው እኔን የሚያስነሣኝ?

ያደግንበት ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጣ ሲባል ድንጋይ ወረፋ ይይዝልን ነበር። ቦኖ ውሃ ጋ ጄሪካን ከሌሊት ተሰልፎ ያድራል፣ ባለቤቱ ቤቱ ተኝቷል። ድንጋዩን ግን አከብረው ነበር፤ ወረፋው ሲደርስ ባለድንጋዩ ከየትም ብሎ ከተፍ ይላል፣ ስኳሩን ሳይቀበል ቀርቶም አያውቅም። የዛሬዎቹ ዕቃዎች የሚጠብቁት የማይመጣ ሰው ነው። በዚህ ከተማ «ሰው አለው» የሚለው ቃል የማይሠራበት ቦታ ቢኖር ታክሲ ብቻ ነው። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው» ያለ እንደሆነ ቦርሳ ጭን ላይ ይወጣል፣ ዶክተሩም ነጋዴውም ይጠጋል፤ ማን እየመጣ ነው የሚል ጥያቄ የለም። ከሜክሲኮ አደባባይ አንድ ረዳት ለግማሽ ቀን ተውሰን አዳራሹ በር ላይ ብናቆመው ኖሮ ጉባኤተኛው ሁሉ ተቀምጦ፣ ሂሳብም ተሰብስቦ ያልቅ ነበር።

መጨረሻው ረድፍ ሄጄ ተቀመጥኩ። እዚያ ያገኘኋቸው ሠዓሊዎቹን ነው። የጉባኤው መጥሪያ ላይ ስማቸው ከደራስያኑ እኩል ተጽፏል፤ ወንበር ላይ ሲደርስ ግን እንዲህ ሆነ። ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ከኋላ የሚሰማው ዝናቡ ነው። ከንግግሮቹ ወደ እኛ የደረሰው «የንባብ ባህላችን» የሚለው ብቻ ነበር፤ የቀረውን ሳይነግሩኝም አውቀዋለሁ፤ ወድቋል። ስብሰባ መግባት ከጀመርኩ አንሥቶ የንባብ ባህላችን ይወድቃል። አንድም ቀን ተነሣ ሲባል አልሰማሁም። ሳይነሣ ደጋግሞ የሚወድቅበትን ጥበብ ቢያስተምሩን ጉባኤው ብቻውን ይበቃን ነበር።

ከንግግሮቹ በፊት ልጆች ገብተው ነበር፤ መቼም የልጆች መጽሐፍ ጉባኤ ነውና። አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፣ ፊታቸው በቫዝሊን አብረቅርቆ፣ ስለ መጽሐፍ ጥቅም ዘመሩ፣ ለክብር እንግዳው አበባ ሰጡ፣ ተጨበጨበላቸው፣ በጎን በር ወጡ። ድንኳን ሥር እንዲቆዩ ተደረገ። ለምን ብዬ ስጠይቅ አስተባባሪዋ «አዳራሹ ይጠባል» አለችኝ። እውነቷን ነው። ጃንጥላው አለ፣ ሃይላንዱ አለ።

አበው ከተናገሩት ሁሉ እንደ «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» የምወደው የለም። ስለ ልጅ የተነገሩት ሌሎቹ ወይ ይንቃሉ ወይ ይገስጻሉ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል አንዱ፤ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ይላል ሌላው። ይኼኛውን የተናገረው ሰው ግን አያት መሆን አለበት፤ ያውም የነጠላው ጫፍ ላይ ማስረጃ የነበረበት አያት። ተረቱ ውስጥ ቅድመ ሁኔታ የለም፤ «ሲያድግ»፣ «ጨዋ ከሆነ»፣ «ካጠናህ» አይልም። እኛ ልጅ የምንወደው ተጠርጎ፣ ተቀብቶ፣ ዘምሮ ሲወጣ ነው።

በሻይ ዕረፍት ወደ ድንኳኑ ወጣሁ። መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፣ ከላይ ላስቲክ ለብሰዋል። አንድ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ልጅ አንዱን ከላስቲኩ ሥር ስቦ አወጣና ጅቡ ያለበትን ገጽ ገለጠ። ጅቡ በእውነት ደስ ይላል፤ አንድ ጆሮው ተቆርጧል፣ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ልጁም አብሮት ሣቀ። ሻጩ «አትንካ! ታቆሽሸዋለህ! ካልገዛህ አስቀምጥ!» ብሎ ከእጁ መነተፈው።

ቀልዱን ለጊዜው ተዉት። ውስጥ ትውልዱ አያነብም እየተባለ በማይክራፎን ይለቀሳል፣ ውጭ ትውልዱ ሲያነብ ይያዝና ይቀማል። ለሻጩ አዝናለሁ፤ ወረቀቱም ቀለሙም ከውጭ የሚመጣ ነው፣ የቆሸሸው መጽሐፍ ኪሳራ የሱ ነው። ግን ከያንዳንዱ አንዲት ቅጂ፣ ለንፍጥ የተመደበች አንዲት ቅጂ ማስቀመጥ ማንን ገደለ? ለክብር እንግዳው በሪባን ታስሮ የተሰጠው ክምር ከየት ወጣ? ሰውየው መጽሐፎቹን ሾፌሩ እንዲይዛቸው ሰጥቶ ሄደ።

ይህን ሳይ ትዝ ያለችኝ የሐዋሳዋ አህያ ናት። አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ በሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ መደርደሪያው ላይ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ አጡ፤ አንዱን ራሳቸው አሳተሙ፣ ከዚያም አገራቸው ገብተው በ1995 ዓ.ም. የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የምትጎትተው መጽሐፍ የጫነ ጋሪ ነበራቸው። አህያዋ ልጆች መጽሐፍ ሲያገላብጡ ቆማ ታይ ነበር እንጂ ካልገዛችሁ አትንኩ አትልም ነበር።

አባባ ተስፋዬም አሉ። ተስፋዬ ሣህሉ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ክፍለ ጊዜ ይዘው ከ40 ዓመት በላይ ተረት አወሩልን። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች!» ብለው ይጀምራሉ። ከዚያ በፊት «ክቡራንና ክቡራት» የለም፣ ሚኒስትር ዴኤታ የለም። ቴሌቪዥን በየቤቱ ስላልነበረ የሠፈሩ ልጅ ሁሉ ካለው ሰው ቤት ወለል ላይ ተኮልኩሎ ነበር የሚያየው፤ ወለል ደግሞ በነጠላ አይያዝም። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ሲያርፉ ጡረታ የወጡ ሰዎች «አባባ» እያሉ አለቀሱ።

ተረት ካነሣሁ አይቀር የቆየ ቂሜንም ላውጣው። «ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?» አራተኛ ክፍል ሳለሁ ጦጣዋ ጅቡን አታላ ዛፍ ላይ የወጣችበትን ተረት አንብበን ስንስቅ መምህሩ ይህንኑ ጠየቁ። እጄን አውጥቼ «ጅብ ሞኝ እንደሆነ» አልኩ። ተሳሳትክ ተባልኩ። መልሱ «ታማኝነት ጥሩ መሆኑን» ነበር። ጦጣዋ እኮ ዋሽታ ነው ያመለጠችው! እውነቱን ብትናገር ኖሮ ተረቱ ግማሹ ላይ ተበልቶ ያልቅ ነበር። እስከ ዛሬ ያ ነጥብ አልተመለሰልኝም። ይኸው በዚህ ጉባኤ ላይም አንድ ደራሲ አጭርና ግሩም ተረት አነበበልን፤ ልናጨበጭብ ስንል «ልጆች፣ ከዚህ የምንማረው» ብሎ ከተረቱ የረዘመ ምክር ጨመረበት። ልጆቹ ድንኳን ውስጥ ናቸው። የተማርነው እኛ ነን።

ወደ ሠዓሊዎቹ። አጠገቤ የተቀመጠው ያንን ጆሮ ቆራጣ ጅብ የሣለው ሰው ሆኖ ተገኘ። መጽሐፉን አገላብጬ ስሙን ፈለግሁ፤ ሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም፣ የአርታኢው ስም፣ መልካም ፈቃዳቸው ሆኖ ያሳተሙት ባለሀብት ስም አለ። የሱ ስም ከኋላ፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ሥር ተገኘ። «ጅቡ ቁመቱ ስንት ይሁን የሚሉኝ አሉ፤ ጅቡ ምን እያሰበ ነው ብሎ የጠየቀኝ ደራሲ ግን አላጋጠመኝም» አለኝ። ደራሲው 24ቱንም ገጽ ከዳር እስከ ዳር በጽሑፍ ሞልቶ ለሥዕሉ የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥግ ይተውለታል። ባዶ ቦታ ቢለምን፣ ፊደሎቹ ራሳቸው «ሰው አለው» ይሉታል።

ይህ እኛ ጋ ብቻ አይደለም። በልጆች መጻሕፍት ትልቁ የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ለደራስያን ብቻ ሲሰጥ ቆይቶ ለሠዓሊዎች የተፈቀደው በ1966 ነው፤ ዓለምም ወንበሩን ዐሥር ዓመት ይዞባቸዋል። ኋላ ግን ጠጋ አሉላቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ሎስ አንጀለስ የተመሠረተው የልጆች መጻሕፍት ደራስያንና ሠዓሊያን ማኅበር ለብዙ ዓመታት በነሱ በጋ ባካሄደው ጉባኤ ላይ ሠዓሊዎቹ ሥራቸውን ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉ፣ አሳታሚዎች እየዞሩ ይገልጡ ነበር። እንዲነካ ነበር የሚዘረጋው። እኛ በዚህ ልንበለጥ አይገባም ነበር፤ በሥዕል ተረት መንገር ለኛ የትናንት ነገር አይደለም። ያ ፒያሳ ሲሸጥ የኖረው የንግሥተ ሳባ ሥዕል፣ በአራት ማዕዘን እየተከፋፈለ ዘንዶውን ከመግደል እስከ ምኒልክ መወለድ የሚወስደን፣ ምን ቀረው? ማጠፍና መስፋት ብቻ። እሱንም ማን እንደሣለው ሻጩን ብትጠይቁት ዋጋውን ይነግራችኋል።

የጃንጥላው ነገር ነበር አይደል? ከሻይ በኋላ ገብቼ አየሁ፤ ጃንጥላው አለ፣ ባለቤቱ የለም፤ ወጣቷም ወጥታ ወንበሯ ላይ ስልክ ቻርጀር አስቀምጣለች። ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ባወራ ደም ግፊቴ ነው።

የሂሳቡ ነገር ይቀራል። ተረት ነጋሪ በኛ አገር ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ይላል። ከዚህ ያጠረ ውል አላውቅም። ሁለት ሐረግ ነው፤ ሥራው ተጠናቋል፣ ክፍያው ዳቦ ነው፣ የሚከፈለውም አሁን ነው። «በጀት ሲለቀቅ» የሚል አንቀጽ የለውም። የዚህ ጉባኤ ተናጋሪዎች አፋቸው የታበሰው በብስኩት ነው፤ ሠዓሊዎቹ ዘንድ ሲደርስ እሱም አልቆ ነበር። በምትኩ ለሁሉም ሰርተፊኬት ታደለ፤ ለጅቡ ባለቤትም «በጉባኤው ላይ ስለተሳተፉ» የሚል። ሰርተፊኬቱ እንኳ ያምራል። ዙሪያው እንደ ብራና መጽሐፍ በቀይ፣ በቢጫና በአረንጓዴ ሐረግ ተጊጧል፤ ከታች የሰብሳቢው ፊርማ፣ የጸሐፊው ፊርማ፣ የስፖንሰሩ ዓርማ አለ። ሐረጉን ማን እንደሣለው አይልም።