«ባካፕ ተሳክቷል» የሚል ኢሜይል ሰለቸኝ

ኧረ ባካችሁ! ሰርቨር ላይ ሌሊት የሚሮጥ ስራ ሁሉ «ተሳክቷል» እያለ ኢሜይል ይላክ ያለው ማነው? ጠዋት «ባካፕ ተሳክቷል»፣ «ሎግ ጸድቷል»፣ «ሰርቲፊኬት ታድሷል» ተደርድሮ ይጠብቀናል። ማንም አያነበውም። ሁሉም ፊልተር ሰርቶ አንድ ፎልደር ውስጥ ይወረውረዋል። እውነተኛው የስህተት መልእክት ሲመጣም እዚያው አብሮ ይቀበራል።

የጣጣው መነሻ ክሮን፣ ማለትም ሊኑክስ ላይ ስራዎችን በሰዓታቸው የሚያስነሳው ፕሮግራም ነው። ክሮን በነባሪው ኢሜይል የሚልከው ስራው ስለከሸፈ አይደለም። ስክሪፕቱ (ስራውን የሚሰራው የትእዛዞች ፋይል) አንዲት መስመር ከጻፈ ይልካል፤ ምንም ሳይጽፍ ድፍት ካለ ጭጭ። ኤግዚት ኮዱን፣ ስራው መሳካት አለመሳካቱን የሚናገረውን ቁጥር፣ ዞር ብሎም አያይ። ሰዉ ደግሞ ኢሜይሉ ሲያንገሸግሸው ውጤቱን በሙሉ ወደ ዴቭ ነል፣ የገባበትን ሁሉ ውጦ ወደሚያስቀረው ጉድጓድ፣ ይልክና እፎይ ይላል። ስህተቱም አብሮ ሄደ!

ዴቢያንና ኡቡንቱ የተባሉት የሊኑክስ አይነቶች ላይ ኢሜይል ላኪ ፕሮግራም ካልተጫነማ ክሮን ውጤቱን ይጥለዋል። መጣሉንም ይመዘግባል፣ ማንም በማይከፍተው ሎግ ውስጥ።

ከሁሉም የሚያበግነኝ ግን ፓይፕ ነው፤ የአንዱን ትእዛዝ ውጤት ለሌላው የሚያቀብለው ማለቴ ነው። ዳታቤዙን ገልብጦ ለፋይል መጭመቂያው ለጂዚፕ የሚያቀብል መስመር አለ እንበል። ዳታቤዙ «የይለፍ ቃሉ ልክ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። ጂዚፕ ምን ቸገረው፣ ባዶውን ጠቅልሎ 0፣ ማለትም «ተሳክቷል»፣ ይመልሳል። ትእዛዞቹን የሚያስኬደው ባሽ የሚያየው የመጨረሻውን ትእዛዝ ብቻ ነው። እናም «ባካፕ ተሳክቷል» ይላል። ፋይሉ ግን 20 ባይት ነው። 20! ስክሪፕቱ አናት ላይ ፓይፕፌይልን፣ ከመስመሩ አንዱ ትእዛዝ ሲከሽፍ ሁሉም እንደከሸፈ የሚያስቆጥረውን ቅንብር፣ ማብራት፣ ከዚያ የፋይሉን መጠን ማየት ይህን ያህል ይከብዳል?

ይህ ሁሉ ቢስተካከል እንኳ ሰርቨሩ ራሱ ቢጠፋስ? የሞተ ሰው የራሱን መርዶ አይነግርም። ስራው ሲያልቅ ውጭ ላለ ሌላ ማሽን «ጨርሻለሁ» ይበል፤ በሰዓቱ ካላለ ያኛው ይጩኽ። ሲሳካ ዝም፣ ሲከሽፍ ወይም ሲቀር ጩኸት። ጩኸቱም የትኛው ሰርቨር፣ የትኛው ስራ፣ ምን ስህተት እንደሆነ ይናገር፤ «ስህተት ተፈጥሯል» ብቻ የሚል መልእክት ምን ይሰራልኛል? ደግሞ ስም ላለው ተረኛ ይድረስ። «ለቡድኑ» የተላከ ነገር ለማንም አልተላከም።

ይህን ስናገር የሚመጣልኝ መልስ «እሺ፣ ኢሜይሎቹን በሙሉ ወደ ቴሌግራም ግሩፑ እናዙራቸው» የሚል ነው። ግሩፑን ሁሉም ሚውት አድርጎታል እኮ!